ከአስር ስንት?

ሚፍታህ አንድ ግትር ሕግ ነበረው። ክራር የሚያስተምረው ሰው የተጫወተውን በስልክ ቀርጾ ሲልክለት፣ አስከትሎ ሌላ የድምፅ መልእክት ካልላከ አይሰማለትም። በሁለተኛው መልእክት ተማሪው ራሱን ይመዝናል፤ የቱ ጋ እንዳማረለት፣ የቱ ጋ እንደተበላሸበት፣ ከአስር ስንት እንደሚገባው ይናገራል። ሚፍታህ ደግሞ ያንን ሳይከፍት የራሱን ነጥብ ወረቀት ላይ ይጽፍና ሁለቱን ያስተያያል።

«ነጥባችን ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ከገጠመ፣ ኸላስ፣ ትምህርቱ አበቃ» ይል ነበር። «ጆሮሽ ያንቺ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ ምን አደርግልሻለሁ?»

ናጃት ይህን መጀመሪያ ስትሰማ ስቃለች። ኋላ ግን በሪያድ ከተማ ከምትጠላቸው ነገሮች አንደኛው ይሄው ሕግ ሆነ፤ እሷ ደግሞ የምትጠላው ነገር የሚጠፋባት ሴት አልነበረችም።

የሐርቡ ልጅ ናት። ነሲም በሚባለው የሪያድ ሰፈር ማማ ኑራ የሚባሉ አሮጊት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች፣ ሲነጫነጩም ታዳምጣቸዋለች። አንድ ረፋድ ከሐኪም ሲመለሱ የልጃቸው የሳሊም መኪና ሱለይ ሰፈር ላይ ቀጥ አለች። እዚያው አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ተገፍታ ገባች። ሳሊም ከጋራዡ ባለቤት ጋር ሻይ ሊጠጣ ሲሄድ፣ ሴቶቹ የኋላውን በር ከፍተው ከመኪናው ውስጥ ቀሩ።

ግድግዳው ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ፣ ክሩ ከፍሬን ገመድ የተፈለቀቀ ክራር ተሰቅሏል። ማማ ኑራ ሲያዩት ዓይናቸው በራ። ሟች ባላቸው ረባባ የሚሉትን ባለ አንድ ክር መሣሪያ ይጫወቱ ነበርና፣ ሞተሩ ላይ ያጎነበሰውን ወጣት በዓረብኛ ጠርተው «አንተ ልጅ፣ እስቲ እሱን ምታልኝ» አሉት።

ወጣቱ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠና አምባሰልን መታ። ሲጨርስ ለራሱ በአማርኛ፣ «ሰባት። አራተኛዋ ክር ላይ ተንሸራተትክ» አለ።

«ስድስት» አለች ናጃት፣ ከአፏ አምልጧት። «መጨረሻውንም አቻኩለኸዋል።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም ደንግጣ፣ ያልተፈታ ሒጃቧን እንደተፈታ ሁሉ ማስተካከል ጀመረች።

«እህቴ፣ ክራር ትጫወቻለሽ?»

«ኧረ ነክቼም አላውቅ።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ጆሮ የለኝም እንዴ?»

ሚፍታህ ከት ብሎ ሳቀ። የቢስቲማ ልጅ ነው። አገር ቤት የወረዳው ኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ያስተምር ነበር። በየመን በኩል ስለገባ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጋራዡ ግቢ እምብዛም ሳይወጣ የመኪና ኤሌክትሪክ እየሠራ ኖሯል። ይህን ሁሉ የነገራት በዚያው ቀን አይደለም። በዚያ ቀን የነገራት ስሙን ብቻ ነው፤ እሷም እቤቷ እስክትደርስ በልቧ ስትደጋግመው ሄደች።

በሳምንቱ መኪናዋን ሊወስዱ ሲመለሱ፣ ከሐላዋ ቆርቆሮ የተሠራ ትንሽ ክራር ለናጃት አዘጋጅቶ ጠበቃት። ሳሊም ግንባሩን ቋጠረ። ማማ ኑራ ግን «በኔ ክፍል፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ለኔ ትጫወትልኛለች» ብለው ቆረጡ። እሳቸው ከቆረጡ ደግሞ በዚያ ቤት የሚቀጥል ሰው አልነበረም።

እንዲህ ተጀመረ። ናጃት በየሐሙሱ ትልካለች፣ እሱ ዓርብ ይመልሳል። ከሷ መልእክት ሥር የማማ ኑራ ሳል ይሰማል፣ ከሱ ሥር መዶሻና የሞተር ጩኸት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሷ ሦስት ስትል እሱ አራት፣ እሷ ስድስት ስትል እሱ አራት ይላል።

«ስድስት ያልሽው ስላማረሽ ነው ወይስ ስለሰማሽው?»

«ስለደከምኩበት ነው።»

«ድካምሽን እኔም አውቃለሁ። ክሩ ግን አያውቅልሽም። እንደገና ስሚው፣ እንደ ሰው አድርገሽ ስሚው።»

ትቆጣለች፤ ተቆጥታም ትሰማዋለች። ስትሰማ ደግሞ እውነቱን ነው። ቀስ በቀስ ያለ ማንም እርዳታ የራሷን ጥፋት መያዝ ጀመረች፤ ግራ እጇ ክሩን ሳይለቅ ሲቀር፣ ቀኝ እጇ ባቲን ስትጫወት ሲቸኩል።

ከዜማው ሌላ ወሬም መጣ። «ዛሬ ምን በላሽ?» ይላታል። «እናትሽ ደህና ናቸው?» ይላታል። ሲሰናበት «በይ እንግዲህ» ይልና ትንሽ ዝም ይላል። ናጃት ያቺን የዝምታ ጊዜ ለብቻዋ እየመለሰች ታዳምጣት ነበር። ወደደችው፤ ሌላ ስም የለውም። ሁለት ጊዜ ብቻ ያየችውን ፊቱን ከድምፁ እየሣለች፣ እቃ እያጠበች፣ አልጋ እያነጠፈች ወደደችው።

በአምስተኛው ወር ነጥባቸው ገጠመ፤ እሷ ስድስት፣ እሱም ስድስት። በቀጣዩ ሳምንት ሰባት፣ ሰባት። ሦስተኛው ሐሙስ ሲደርስ ረመዳን ገብቶ ነበር። ናጃት አምባሰልን ተጫውታ ስትጨርስ ማማ ኑራ አልጋቸው ላይ ተነሥተው ተቀምጠው «ማሻአላህ» አሉ። ስምንት እንደሆነ ታውቃለች። እሱም ስምንት እንደሚል ታውቃለች። ነገ ይገጥማል፣ ነገ ያበቃል፣ ከነገ ወዲያ «ዛሬ ምን በላሽ?» የሚላት የለም።

ስልኩን አነሣችና ዓይኗን በጨው አጥባ «ስድስት» አለች።

መልሱ ዓርብ መጣ። ድምፁ ከወትሮው ቀዝቅዟል። «አምስት ነው የሰጠሁሽ» አለ።

ናጃት ሕጉን ለማፍረስ ዝቅ አድርጋ ዋሽታ ነበር፤ ውሸቷ እንኳ ከሱ እውነት በለጠ ማለት ነው። ስምንት የመሰላት ነገር አምስት ከሆነ፣ እስከዛሬ ስትሰማው የኖረችው ምን ነበር? ትምህርቱ ባለማለቁ ደስ ሊላት ሲገባ የሆነ ነገር ውስጧ ተሰበረ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ራሷን አላመነችም። ሁለት ወር አለፈ፤ እሷ አምስት፣ አራት ተኩል፣ አምስት ትላለች፣ እሱም ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ያደርገዋል። አይገጥምም።

ማማ ኑራ በሸዋል ወር መጨረሻ ተኝተው ሳይነሡ ቀሩ። ናጃት እንደ እናቷ አለቀሰችላቸው። የሐዘኑ ሰው ሲበተን ሳሊም ጠርቶ ነገራት። እሷን ወደ እህቱ ወደ ታቡክ ሊልካት አስቧል። እህቱ ቤት ሠራተኛ ስልክ አይዝም። አልፈልግም ካለች ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ከፊል፣ ሌላ አሠሪ ትፈልግ፤ ወረቀቷን ያዛውርላታል።

ነገሩ ይሄ ነበር እንግዲህ። ታቡክ ማለት ሚፍታህን ማጣት ነው።

እትዬ ሸምሲያ የምትባል የነሲም ሴት ነበረች፤ የሴቶች ሠርግ የሚያደምቅ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ከበሮ ትመታለች። የቡድኑ ባለቤት ሳዑዲያዊት ናት፣ አባሎቿን ሁሉ በራሷ ከፋላ፣ አሠሪያቸው ሆና በስሟ ትይዛለች። የሐበሻ ሙሽሮች ክራር እየጠየቁ ስላስቸገሯት፣ ክራር መቺ ሴት እንድትፈልግላት ለሸምሲያ ነግራታለች። ሸምሲያ ዘግይታ ወደ ሐዘን ቤቱ ስትመጣ ስለ ናጃት ሰምታ ወደ ወጥ ቤቱ ጎራ አለች።

«እኔ ነኝ የምዋስሽ» አለቻት። «ያልበሰለ ነገር ይዤ ብሄድ ፊቴ ይጠቁራል። እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ ደርሰሻል?»

ናጃት መሬት መሬቱን አየች። «አልደረስኩም፣ እትዬ። አስተማሪዬ አምስት ነው የሚሰጠኝ። ራሴም ስሰማው አምስት ነኝ።»

«እንግዲያው ሌላ ልፈልግ» አለች ሸምሲያ፤ አዝና ወጣች።

ናጃት ይህንኑ ለሚፍታህ ነገረችው። ቀኑን ሙሉ መልስ የለም። በማግስቱ አጭር መልእክት መጣ፤ «ዓርብ ባጥሐ ነይ። እመጣለሁ።»

ለታቡክ ሻንጣ ልግዛ ብላ አስፈቅዳ ወደ ባጥሐ ገበያ ሄደች። ሚፍታህ ከሻንጣ መደብሩ ደጃፍ ቆሟል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ዓይኑ ግን አያርፍም፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ይዞራል። አብሮት የሚሠራው ሸምሱ በጭነት መኪና ደብቆ ነው ያመጣው። ከሰባት ወር በኋላ ፊት ለፊት ተያዩ።

«ከሳህ» አለች።

«ናጃት፣ አንቺ አምስት አይደለሽም።»

«እ?»

«በረመዳን ስምንት ነበርሽ። ስምንት ብዬ ጽፌ፣ አንቺም ስምንት ትያለሽ ብዬ መልእክትሽን ሳልከፍት ቀደድኩት።»

ነገሩ ወዲያው አልገባትም። «ታዲያ አምስት ያልከኝ?»

«ሦስተኛው ሳምንት ነበራ። ከገጠመ ሊያበቃ ነው። ድምፅሽን ላጣ ነው። እወድሻለሁ ማለት ሲያቅተኝ አምስት አልኩሽ።»

ሰባት ወር ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነበር። መጣ፤ ሲመጣ ግን እንዲህ ሆኖ መጣ። ናጃት ደስታውም ንዴቱም እኩል ሆኖባት አለቀሰች።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለችው። «ስምንት መሆኑን እያወቅሁ ስድስት አልኩህ። እኔም እንዳያልቅ ብዬ ነው። ግን እኔ አንተን ብዋሽ አንተ እውነቱን ታውቀዋለህ። አንተ ስትዋሸኝ እኔ ምን ይዤ ልቅር? ሸምሲያ ስትጠይቀኝ በገዛ አፌ አምስት ነኝ አልኩ! ጆሮዬን ወሰድክብኝ፣ ሚፍታህ።»

«ሄጄ እነግራታለሁ። አሁኑኑ።»

«ማንም አይንገርልኝ! ከዚህ ወዲያ ስለኔ ማንም እንዲናገርልኝ አልፈልግም።»

ሻንጣውን ሳትገዛ ተመለሰች። እሱ እስክትጠፋ ቆሞ አያት፤ እሷም እንደሚያያት አውቃ አልዞረችም።

ቅዳሜ ባዶ በቀረው የማማ ኑራ ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኳ ውስጥ ያሉትን ቅጂዎች ከመጀመሪያው ጀምራ መስማት ያዘች። በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ነጥብ እየጻፈች። ለመጀመሪያው ያኔ ሦስት ሰጥታው ነበር፤ አሁን ስትሰማው ሁለትም ይበዛበታል፤ ብቻዋን ሳቀች። የረመዳኑ ላይ ስትደርስ አራት ጊዜ ደጋገመችው። ጥፋት ፈለገች። «ስምንት» አለች ጮክ ብላ፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይኖር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ግን አንጀቷን በሉት። በእውነት እየወረዱ ሄደዋል። አምስት ነሽ ከተባለች ወዲህ እጇ ክሩን በፍርሃት ነው የሚነካው፤ ሰባት፣ ስድስት ተኩል፣ ስድስት። ውሸቱ ሲደጋገም እውነት ሊሆን ምንም አልቀረው ነበር። ካርቶኑን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ክራሯን አነሣች። እስከ ማክሰኞ ድረስ ባገኘችው ሰዓት ሁሉ ተጫወተች።

ረቡዕ ከሸምሲያ ደጅ ቆመች።

«እትዬ፣ በቀደም የተሳሳተ ነገር ነግሬዎታለሁ። ዛሬ ሰባት ነኝ። ስምንት ነበርኩ፣ በወር ውስጥ እመልሰዋለሁ። ባቲ ላይ ቀኝ እጄ ይቸኩላል፤ ሰው ፊት ስሆን ይብስበታል። አምባሰል ላይ ግን አያሳፍርዎትም።»

ሸምሲያ አስቀምጣ አዳመጠቻት። ባቲ ላይ እጇ እንዳለችውም ቸኮለ። ሸምሲያ ሳቋ መጣ።

«ከአንቺ በኋላ ያገኘኋት ልጅ አስር ነኝ ብላኝ መጥታ መቃኘት እንኳ አቃታት። ሃያ ዓመት በየሠርጉ ስዞር ጉድለቷን አስቀድማ ነግራኝ የገባች አንቺ ብቻ ነሽ። ያላ፣ ነገ ወረቀትሽን እናስጀምራለን።»

ናጃት እየበረረች ተመለሰች። ስልኳ ላይ የሚፍታህ ሦስት መልእክቶች ሳይከፈቱ ተደርድረዋል። ጣቷን ወደነሱ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ትንሽ ይብሰልበት፤ ዓርብ እነግረዋለሁ፣ አለች። ንዴቷ ገና አልበረደም፣ ደስታዋም ኩራት ኩራት አሰኝቷታል።

ሐሙስ ከሰዓት ሸምሱ ደወለ። «እህቴ፣ ሚፍታህን ያዙት። ነሲም ድረስ ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጥቶ ነበር፣ አውቶቡስ ላይ ወረቀት ጠየቁት። ተርሂል ገብቷል።»

ተርሂል ማለት ወደ አገር የሚመለሱት የሚታጎሩበት ነው። ናጃት መልእክቶቹን ያን ጊዜ ከፈተቻቸው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ «ዝም ብለሽኛል፣ ይገባኛል። ወሩ ግን እያለቀ ነው። ሸምሲያን ፈልጌ እነግራታለሁ። ብትጠዪኝም ሪያድ ሆነሽ ጥዪኝ።»

እሑድ በማታውቀው ቁጥር ተደወለ።

«ናጃት፣ የሰው ስልክ ነው። ብዙ መቆየት አልችልም።»

«ደህና ነህ? መቱህ?»

«ደህና ነኝ። ማክሰኞ ያሳፍሩናል አሉ። ስሚኝ፣ ሸምሲያ ጋ ልሄድ ስል ነው የያዙኝ። አልደረስኩላትም። ቦታው አመለጠሽ፣ አይደል? ይቅር በይኝ።»

ናጃት ልትመልስለት ስትል ሌላ ሐሳብ መጣላት። ተይዘህ ከገባህ በኋላ ሸምሲያ ራሷ መጥታ ወሰደችኝ ማለት ይቻላል። ማን ያውቅባታል? እሱም ቀለል ይለዋል፣ እሷም ጥፋቷ ተሸፍኖ ይቀራል። ደግ ውሸት ነው። የሱ «አምስት»ም ደግ ውሸት ነበር።

«ረቡዕ ተቀብላኛለች» አለች። «አንተ የወጣኸው ሐሙስ ነው።»

ከወዲያ በኩል በሰው ጫጫታ መሃል መልሶ ጠየቃት።

«ረቡዕ?»

«ረቡዕ። መልእክትህን ሆን ብዬ ነው ያልከፈትኩት። ተናድጄ ነበር። ዓርብ እነግረዋለሁ ብዬ አቆየሁህ። አንዲት ቃል ብልክልህ ኖሮ ከግቢ አትወጣም ነበር። የኔ ጥፋት ነው።»

«ራስሽ ሄድሽ?»

«ራሴ።»

«ስንት ነኝ አልሻት?»

«ሰባት።»

«ስምንት አትዪም ነበር?»

«ስምንት አልነበርኩማ።»

ሚፍታህ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ተሰበረ።

«እንኳን ነገርሽኝ» አለ። «ባትነግሪኝ ዕድሜዬን ሙሉ ላድናት ስል ተያዝኩ እያልኩ ልኖር ነበር። አንቺን ጆሮሽን ስሚ ብዬ አስተምሬ፣ እኔ ግን ትሰማለች ብዬ አላመንኩሽም። ጥፋቱ የብቻሽ አይደለም።»

«ሚፍታህ፣ እወድሃለሁ። አዲሱ ውል ሁለት ዓመት ነው፣ ነገ እፈርማለሁ። እናቴን የምጦረው በሱ ነው፣ ልተወው አልችልም። ትጠብቀኛለህ?»

«እጠብቃለሁ ብዬ አልምልልሽም። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ እኔም ራሴን አውቀዋለሁ። ግን በየዓርቡ እነግርሻለሁ። የጠበቅሁበትን ሳምንት ጠበቅሁ፣ ያልጠበቅሁበትን አልጠበቅሁም እልሻለሁ። አልቀንስም፣ አልጨምርም።»

«እኔም እንደዚያው» አለች። የስልኩ ባለቤት ሲጣራ ተሰማና መስመሩ ተቋረጠ።

ሦስት ዓርብ ምንም አልመጣም። ናጃት በሦስቱም ሠርግ ላይ ተጫወተች፤ በአንደኛው ባቲ ላይ እጇ ቸኮለ፣ በሁለቱ አልቸኮለም። አራተኛው ዓርብ ከቡድኑ ሴቶች ጋር መኪና ውስጥ እያለች ከቢስቲማ የድምፅ መልእክት ደረሳት።

«ናጃት፣ ስልክ ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጠብቄሻለሁ። ሦስተኛውን ግን እንጃ። እናቴ አንዲት ልጅ አሳየችኝ፣ ደግ ልጅ ናት። አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ከዚያ አይሆንም አልኳት። ይህን ሳምንት እንደገና ጠብቄሻለሁ።»

ናጃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ሸምሲያ አይታ ከበሮዋን ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት። ናጃት እንባዋን ጠርጋ መቅጃውን ተጫነች።

«እኔ አራቱንም ጠብቄሃለሁ» አለች። አቆመች። የተናገረችውን መልሳ ሰማችው፣ አጠፋችውና እንደገና ጀመረች።

«ሦስቱን ጠብቄሃለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ምነው ባላወቅሁህ ብዬ ነበር።»

ይህኛውን ላከችው።